ከፋኑ ሥር የተቀመጠው ሰው

ወንጀሉ ከተፈጸመ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። የመከላከያ ምስክሮቹ ግን ብቅ ያሉት ገና አሁን ነው፤ ሦስቱም አንድ ላይ፣ ሦስቱም ጢማቸውን ተላጭተው፣ ሦስቱም አንድ ነገር እየተናገሩ።

ኢንስፔክተር ዓለምሰገድ ይህን ጉድ የሰማው ዐቃቤ ሕግ የምሥራች ቢሮ ውስጥ፣ ከጣሪያው ፋን ሥር ቆሞ ነው። የራሱ ቢሮ ፋን ከተበላሸ ወዲህ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው ፋን ያለው ሰው ጋ እየዞረ ነበር። በዚህም የተነሣ «ከባለድርሻ አካላት ጋር ተቀራርቦ የሚሠራ መኮንን» ተብሎ የምስጋና ወረቀት ተሰጥቶታል። ወፍራም ነው፤ ድሬዳዋ ተወልዶ ድሬዳዋ ቢያድግም ሙቀቷን እስከ ዛሬ አልለመዳትም። እናቱ «ይሄ ልጅ በደጋዎቹ ዘመዶቹ ወጥቷል» ትለው ነበር።

«ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የይሳቅን መዝገብ መልሶታል» አለች የምሥራች።

«ፈታው?»

«አልፈታውም፤ አላጸናበትምም። ስማኝ።»

ይሳቅ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ የደብተርና የእስክሪብቶ ሱቅ ያለው፣ ሰላምታው የማያልቅ፣ ሰፈሩ የሚወደው ሰው ነው። የተፈረደበት በአንዲት የጎረቤት ልጅ ላይ ጾታዊ ጥቃት በማድረስ ነበር። የልጅቷ ስም መዝገቡ ላይ የተጻፈው በመጀመሪያ ፊደሉ ብቻ ነው፤ እኛም እዚህ አንጠራውም። የሥር ፍርድ ቤት ቃሏን በተለየ ክፍል፣ በካሜራ ሰምቶ፣ የሐኪሙንም ማስረጃ አይቶ ነው የፈረደው። አሁን ይሳቅ «ያን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሀምዲያ ቤት በርጫ ላይ ነበርኩ፤ አብረውኝ ጫት ሲቅሙ የዋሉ ሦስት ሰዎች አሉኝ፤ የሥር ፍርድ ቤት አልሰማልኝም» ብሎ ይግባኝ ጠይቋል።

«ዳኞቹ ጥሩ ነው የጻፉት» አለች የምሥራች መነጽሯን እያወለቀች። «ልጅ በመሆኗ ብቻ ቃሏ አይጣልም፣ ብቻዋን በመመስከሯም አይወድቅም ብለዋል። ግን ሰውየው ሌላ ቦታ ነበርኩ እያለ ማስረጃው ሳይሰማ ሚዛኑ እንዴት ይሞላል ብለዋል። እሱም ልክ ነው። ምስክሮቹ በሥር ፍርድ ቤት ተሰምተው ቃላቸው ይላካል። ከዚያ በፊት አንተ አጣራ።»

«ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ከተናገረ ደግሞ ይጠረጠራል።»

«ፊታቸውን ያየ ይጠረጥራል። ይግባኝ ላይ ግን የሚነበበው ወረቀት ነው። ወረቀት አያልበውም።»

ዓለምሰገድ ግንባሩን በመሐረብ እየጠረገ በወረቀት ቀና።

«የሦስቱ ቃል ከጸና የይሳቅ ጠበቃ ልጅቷ እንደገና ቀርባ ትጠየቅልኝ ይላል» አለች የምሥራች።

*

ዓለምሰገድ መጀመሪያ የሄደው ወደ ልጅቷ ቤት ነው። እናትየዋ ወይንሸት ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ልብስ ሰፊ ናት፤ የማታ ፈረቃዋ ሳይደርስ ነበር ያገኛት። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሻንጣዎች አፋቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል።

«ከወጣ እንሄዳለን» አለች። «አዳማ እህት አለችኝ። ሱቁ እኮ እዚሁ መንገዱ ላይ ነው፤ ዛሬም ወንድሙ ከፍቶ ይሸጥበታል። እሷ ትምህርት ቤት የምትሄደው በአስፋልቱ ዞራ ነው። ያቺን መንገድ ሁለት ዓመት ሙሉ አልረገጠቻትም።»

ልጅቷ መጋረጃው አጠገብ ቆማ ነበር። ዓለምሰገድ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል ሊጠይቃት አላሰበም፤ «ደህና ነሽ?» ብቻ አላት።

«ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ» አለችው። «የማውቀውን አውቃለሁ፣ የማላውቀውን አላውቅም ብያለሁ። ሌላ የለኝም።»

ዓለምሰገድ፣ የፖሊስ ሥራ ማጣራት እንጂ ቃል መግባት እንዳልሆነ እያወቀ፣ «ሁለተኛ አትጠየቂም» ብሏት ወጣ። ደጅ ሲደርስ ራሱን ተሳደበ። ቃሉን በምን እንደሚጠብቀው ፈጽሞ አያውቅም ነበር።

*

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» እያለ ምርመራውን የጀመረው ከሳጅን ዒልሚ ጋር ነው። ዒልሚ ከእሱ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ሶማልኛውንም ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል የሚናገር፣ በሦስቱም ግን እምብዛም የማይናገር ሰው ነው።

የመጀመሪያው ምስክር ዐብዲናሲር ባለባጃጅ ነው። «ከቆምኩ ተሳፋሪ አጣለሁ» ስላለ ቃሉን የሰጠው እየነዳ ነው። ዓለምሰገድ ከኋላ ከአንዲት ቲማቲም ከጫነች ሴትዮ ጋር ተጣቦ ይጽፋል።

«ይሳቅ ያን ዓርብ ነበረ?»

«አቦ ነበረ ወላሂ! ዓርብ ዓርብ መች ይጠፋል?»

«የት ተቀምጦ ነበር?»

«ቦታው ላይ ነዋ። ከፋኑ ሥር፣ ቢጫዋ ትራስ ላይ።»

«ማን አጠገቡ ነበር?»

«በቀኝ እኔ፣ በግራ ጋሽ ሱሌማን። ነህምያ ፊት ለፊት።»

ባለቲማቲሟ ሴትዮ «ደህና ትናገራለህ፣ ልጄ፣ ግን ወራጅ አለ» አለች።

ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ጋሽ ሱሌማን ደግሞ ጥያቄውን የሰሙት ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ነው። ጥቁር ሰሌዳ ቢኖር ይጽፉ ነበር።

«ሀ፣ ይሳቅ ነበር። ለ፣ ከፋኑ ሥር፣ ቢጫ ትራስ ላይ ነበር። ሐ፣ እኔ በግራው ነበርኩ። ግልጽ ነው?»

«ግልጽ ነው፣ ጋሽ ሱሌማን።»

«እንግዲያው ድገመው።»

ኢንስፔክተሩ ደገመላቸው።

ሦስተኛው ነህምያ ነው። አያቱም አባቱም ባቡር ላይ የሠሩ፣ እሱ ራሱ ባቡር ላይ ተሳፍሮ የማያውቅ፣ ከእነሱ የወረሰው ሰዓት ማክበርን ብቻ የሆነ ሰው። «ከፋኑ ሥር፣ ቢጫዋ ትራስ» አለ ሳይጠየቅ። ከዚያ ሰዓቱን አየና «ጨረስን?» አለ።

ዓለምሰገድ ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የእነዚህ ድር ግን ያበረው የታሰረውን ለመፍታት ነው። አንዱም ላይ «አላስታውስም» የሚል ቃል የለም። ልጅቷ በሰጠችው ቃል ውስጥ ግን «ይህን አላየሁም»፣ «ይህን አላውቅም» የሚል አለ፤ ጠበቃው ደግሞ ይህንኑ ይዞ ቃሏ ጎደሎ ነው ብሎ ተከራክሯል። ዓለምሰገድ ሲያስበው ነገሩ ግልብጥ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የዋለን ዓርብ እንዲህ አሟልቶ የሚያስታውስ ሰው እሱ ገጥሞት አያውቅም፤ ራሱ የጋብቻውን ቀን ረስቶ ሁለት ጊዜ ውጭ አድሯል። ሆኖም ይሄ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም።

*

ማክሰኞ ዕለት ሲላጭ አንድ ነገር ብልጭ አለለት። ያ ዓርብ ሚያዝያ ነበረ። ያን ዓመት ደግሞ ሚያዝያ ላይ ረመዳን ነበር! በረመዳን ቀን ማን ይቅማል? ፊቱ ላይ ግማሽ አረፋ እንዳለ ዒልሚ ጋ ደወለ።

«ያዝናቸው! ጾም ነበር!»

«ኢድ የዋለው ከዚያ በፊት በነበረው ዓርብ ነው» አለ ዒልሚ። «ስጋ ልኬልህ በልተሃል።»

ረቡዕ ሌላ ሐሳብ መጣ። መብራት ጠፍቶ ከሆነስ? መብራት ከሌለ ፋን የለም፤ ፋን ከሌለ ከፋን ሥር የሚቀመጥ የለም። ሰፈሩን ዞሮ ጠየቀ። በዚያ ቀን መብራት እንዳልጠፋ ሁሉም በምሬት ያስታውሳል፤ ከአጥራቸው ሥር ሰርግ ነበር፣ ድምፅ ማጉያው እስኪነጋ አላስተኛቸውም።

«አሁንስ?» አለ ዒልሚ።

«አሁንማ ቤቱን እናየዋለን። ዓርብ ሀምዲያ ጋ እንሄዳለን።»

«ልትቅም?»

«ፋኑን ላየው ነው» አለ ዓለምሰገድ። እውነቱንም ነበር፤ ያ ሳምንት ከሙቀትም የከፋ ሙቀት ነበር።

*

ሀምዲያ ሽቲ ቀሚሷን ለብሳ፣ ወገቧን ይዛ በር ላይ ተቀበለቻቸው። ቤቷ ረጅም ክፍል ነው፤ ፍራሹ ግድግዳውን ተከትሎ ተዘርግቷል፣ ወለሉ በምንጣፍ ተሸፍኗል፣ ጣሪያው ላይ ከክፍሉ ጥግ አንድ ፋን ብቻ ይዞራል። ወንዶቹ በየትራሳቸው ተደግፈው ሽርጣቸውን ታጥቀዋል። ሦስቱ ምስክሮችም አሉ፤ ፖሊስ ሲያዩ ቀና አሉ፣ ኢንስፔክተሩ ጫማውን ሲያወልቅ ተረጋጉ፣ የግራ ካልሲው ሲታይ ፈገግ አሉ። አውራ ጣቱ ሙሉ በሙሉ ውጭ ነበር።

ዓለምሰገድ ጣቱን አጥፎ ዙሪያውን ቃኘ። ቤቱ ጢም ብሏል፤ ባዶው ቦታ አንድ ብቻ ነው። ያውም ከፋኑ ሥር፣ ያውም ቢጫ ትራስ ያለበት። ነፋሱ የትራሱን ዘርፍ ያወዛውዘዋል። እግዚአብሔር አንዳንዴ ለወፍራም ሰው ያዝናል ብሎ፣ ሄዶ ዘፍ አለበት።

ቤቱ አንድ ላይ ጮኸ።

«ኧረ! ኧረ! ተነሣ አቦ!»

«ምን ሆናችሁ?»

«የይሳቅ ቦታ ነው!» አለች ሀምዲያ ደርሳ።

«ይሳቅ እስር ቤት ነው እኮ።»

«ታሰረ እንጂ አልሞተም! እኔ ቤት ሰው በሕይወት እያለ ቦታው አይነካም። ሥርዓት ያለው ቤት ነው። ተነሣ።»

የድሬዳዋ ፖሊስ መኮንን፣ ቀዳዳ ካልሲውን እያየ፣ ተነሣ። ሀምዲያ ወስዳ በሩ አጠገብ፣ ጫማዎቹ ከተደረደሩበት ጎን አስቀመጠችው። እዚያ ነፋስ የለም፤ ያለው የሃያ ወንድ ጫማ ነው። ዒልሚ ቆሞ ቀረ። ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት እዚህ ቤት ይመጣ እንደነበረና ይህን ሕግ አሳምሮ እንደሚያውቅ፣ ግን አለቃው ሲቀመጥ ማየት ፈልጎ እንደነበረ፣ በኋላ ተናዘዘ።

«እሺ ሕጉ ይገባኛል» አለ ዓለምሰገድ፣ ለነገር ሳይሆን ከጫማው ሐሳቡን ለመመለስ። «ይሳቅስ ይቺን የመሰለች ቦታ እንዴት አገኘ?»

«እሱም መጀመሪያ አንተ ያለህበት ነበር የሚቀመጠው፣ ጫማው ጋ» አለች ሀምዲያ። «የፋኑ ቦታ የሐጂ ዋበሪ ነበረች፣ አላህ ይዘንላቸው። ጅቡቲ ለሕክምና ሄደው ሁለት ወር ሲቀሩ እንኳ ማንም አልነካትም። ፋኑ ለትራሱ ብቻ ሲነፍስለት ከረመ። ሲሞቱ ነው በዕጣ ለይሳቅ የደረሰችው።»

ዓለምሰገድ ላቡ ቀጥ አለ። ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብርድ ብርድ አለው።

«ሐጂ መቼ ነው የሞቱት?»

«ክረምቱ ሲገባ ነዋ። ይሳቅ በዋስ ወጥቶ በነበረ ጊዜ። ዕጣውን እኔው ነኝ ያወጣሁት።»

ክረምቱ ከሚያዝያ በኋላ ነው። ይህን ለማወቅ የፖሊስ ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም።

ዓለምሰገድ ቀስ ብሎ ተነሣ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ እንዲያውም እንደ እንግዳ በትሕትና ነው የተናገረው። «ሀምዲያ፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። እነዚህ ሦስት ወንድሞቻችን፣ ዐብዲናሲር፣ ጋሽ ሱሌማንና ነህምያ፣ ያን የሚያዝያ ዓርብ ይሳቅ ከፋኑ ሥር፣ ቢጫዋ ትራስ ላይ ተቀምጦ ነበር ብለው ፈርመውልኛል። ሐጂ ዋበሪ በሕይወት እያሉ ማለት ነው።»

ከዚያ ሃያ ራስ ወደ ሦስቱ ዞረ።

ሰው በሐሰት መሰከረ ቢባል ይህ ቤት ምን ይል እንደነበር አይታወቅም፤ ምናልባት «አቦ ተወው፣ ወዳጁ ነው» ይል ነበር። ይሄ ግን ሌላ ነው።

«በሐጂ ቦታ?» አለች ሀምዲያ። «እኔ ቤት? ሐጂ ሳይሞቱ ሌላ ሰው አስቀመጥሽ ተብዬ ፍርድ ቤት ልጻፍ?»

«ዐብዲናሲር!» ጮኸ አንድ ሽማግሌ ከጥግ። «አጎትህን በቁማቸው ቀበርካቸው?»

ለካ ሐጂ ዋበሪ የዐብዲናሲር አጎት ኖረዋል። ባለባጃጁ ብድግ አለ፤ ፊቱ ቲማቲም መሰለ።

«ወላሂ አልተቀመጠም!»

«ፈርመሃል እኮ» አለ ዓለምሰገድ።

«ፈርሜ ነው! ግን አልተቀመጠም! በአጎቴ ቦታ ማንም አልተቀመጠም! ይሳቅ ጭራሽ ያን ቀን አልመጣም!»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳለ የገባው። እጁን አፉ ላይ አደረገ፤ የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም።

«አልመጣም?» አለ ዓለምሰገድ በቀስታ። «በምን ታስታውሳለህ?»

ዐብዲናሲር ጋሽ ሱሌማንን አየ፤ ጋሽ ሱሌማን ምንጣፉን አዩ። መልሱ የመጣው ካልታሰበው ከነህምያ ነው።

«ጫቱ ቀደም ብሎ ነው የሚታዘዘው» አለ። «የእሱ የጫት እስር መጥቶ እሱ ቀረ። ተካፈልነው።»

«አንተ ነህ ትልቁን የወሰድከው!» አለ ዐብዲናሲር።

«ትልቁን የወሰዱት ጋሽ ሱሌማን ናቸው።»

«እኔ ያከፋፈልኩት በእኩል ነው» አሉ ጋሽ ሱሌማን፣ መምህርነታቸው ተነክቶ።

«የሆነው ሆኖ» አለ ነህምያ ሰዓቱን ሳያይ፣ ምናልባት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «በማግስቱ ጠዋት ፖሊስ ይሳቅን ያዘው። የእስረኛ ድርሻ በላን ተባብለን ስቀን ነበር።»

ያ ሣቅ አሁን እዚያ ቤት ውስጥ ተመልሶ የገባ መሰለ፤ ማንም ግን አልሳቀም። ዓለምሰገድም ቀልዱ ከአንጀቱ ጠፋ። የሚያሳዝነው መዋሸታቸው ብቻ አልነበረም፤ እውነቱን ሁለት ዓመት ሙሉ ጥርሳቸው ሥር ይዘው መቀመጣቸው ነበር።

«እንግዲያው ለምን?» አለ።

ጋሽ ሱሌማን ድምፃቸው ያለ ሰሌዳ ቀጠነ። «ወንድሙ መጣ። ይሳቅ ዓርብ ዓርብ ይመጣ አልነበረም ወይ አለን። ይመጣ ነበር አልን። ያም ቀን ዓርብ አይደለም ወይ አለ። ነው አልን። እንግዲያው ነበረ አለ። የት ይቀመጥ ነበር ሲለን፣ እኛ ይሳቅን ስናስበው የሚታየን ከፋኑ ሥር ነው። ሒሳቡ ልክ መሰለን።» ዓይናቸውን ከምንጣፉ አነሡ። «አርባ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ልክ አለመሆኑን አውቅ ነበር። ጥሩ ሰው ነው ብለን ነው። እንዲህ ያደርጋል ብሎ ማን ያስባል? ልጅቷንማ … ልጅቷን አላሰብናትም።»

«አላሰባችኋትም» አለ ዓለምሰገድ። ንዴቱ ደም ሥሩ ላይ ታየ፤ ግን አልጮኸም። «እሷ ቃል የሰጠችው ብቻዋን ነው። ከጎኗ በቀኝም በግራም የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ገና ፍርድ ቤት ቀርባችሁ አልማላችሁም፤ ዕድለኞች ናችሁ። አሁን ተነሡ፣ ጣቢያ ሄደን እውነቱን ትጽፋላችሁ።»

ሦስቱም ተነሡ። ሀምዲያ ለአንዳቸውም መንገድ አልለቀቀችም፤ በጎኗ ሾልከው ነው የወጡት። ዐብዲናሲር በራሱ ባጃጅ ሁሉንም ወደ ጣቢያ ወሰዳቸው፤ ሒሳብ ግን አልጠየቀም።

*

የምሥራች አዲሱን ቃላቸውን፣ የሀምዲያንም ምስክርነት አያይዛ ላከች። ቀጥሎ በችሎት የሆነውን ስላላየነው አንተርከውም። ወሩ ሳያልቅ ግን ውሳኔው መጣ፦ ይሳቅ ሌላ ቦታ ነበርኩ ያለው እምነት የሚጣልበት ሆኖ አልተገኘም፤ ልጅቷ ያወቀችውንና ያላወቀችውን ለይታ የሰጠችው ቃል ተአማኒ ነው፤ በድጋሚ የምትጠራበት ምክንያት የለም፤ ፍርዱ ጸንቷል።

ዓለምሰገድ ወረቀቱን ይዞ ሳቢያን ሲደርስ ወይንሸት ከፈረቃ ገብታ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ነበር። አነበበላት። እንደገና አንብብልኝ አለችው፤ አነበበላት። ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። እሱም መሐረቡን አውጥቶ ላብ የጠረገ መሰለ።

ልጅቷ ወረቀቱን ተቀብላ ራሷ አየችው። አንድ ቃል ሳይከብዳት አልቀረም፣ ጣቷን አንድ መስመር ላይ አኑራ ቀና አለች።

«ተአማኒ ማለት ምንድን ነው?»

«አምነውሻል ማለት ነው» አለ ዓለምሰገድ።

«ሳያዩኝ?»

«ሳያዩሽ። የተናገርሽውን አንብበው።»

ጥቂት አሰበች። ከዚያ እናቷን፣ «እማ፣ ዳቦ ልግዛ?» አለቻት።

ወይንሸት እንባዋን ጠርጋ አንገቷን በእሺታ ነቀነቀች። ልጅቷ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። በሩ ላይ ቆም ብላ ወደ አስፋልቱ የሚያዞረውን መንገድ አየች፤ ቀጥሎ በይሳቅ ሱቅ ፊት የሚያልፈውን አቋራጭ አየች። እናትየዋ እግሯ ከነውሃው፣ ኢንስፔክተሩ መሐረቡን ይዞ፣ በመስኮቱ ተመለከቷት።

በአቋራጩ ሄደች።